ጋወን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም፦ ለሕዝብ ፕሮግራም የሕክምና ቡድን ስንመርጥ



ባለፈው ረመዷን ሳንጃ ከተማ ላይ ላዘጋጀነው የጋራ ኢፍጣር የበተንነው የፕሮግራም ወረቀት «የሕክምና ቡድን ተዘጋጅቷል» የሚል መስመር ነበረው። መስመሯን የጻፍናት እኛው ነን። በእርግጥም ድንኳኑ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ነበረ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ነጭ ጋወን የለበሱ ሦስት ወንድሞች ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አለ። ያየ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ልጆቹ ምንም አልቀራቸው» አለን። እኛም ደስ አለን።

መግሪብ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው በሴቶች በኩል አንዲት እናት አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲጠሯቸው የሚመልሱት ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። በዙሪያው ያለው ሰው «ጾሙ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ አሁን አዛን ይላል፣ ትንሽ ይታገሡ» ይላል። ከሦስቱ ወንድሞቻችን ሁለቱ የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስተኛው መድኃኒት መደብር ውስጥ የሚያግዝ ልጅ ነው። መሣሪያ ብለው የያዙት የደም ግፊት መለኪያ ብቻ ስለነበር ግፊታቸውን ለኩ። «ፕሬዠር ነው፣ ይተኙ» ተባለ።

የልጅ ልጃቸው ሾርባ ከሚቀዳበት ስፍራ እየሮጠች መጣች፦ «እምዬ ስኳር አለባት! ኪኒኗን ሱሑር ላይ ውጣለች!» የስኳር መለኪያ ተፈለገ፤ የለም። አብራን ልታፈጥር የመጣች አንዲት እንግዳ ነርስ ተንበርክካ እኚያ እናት መዋጥ መቻላቸውን አረጋገጠች፤ ከዚያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ጥቂት ጥቂት እያለች አጠጣቻቸው። እኛ በዚያ መሐል መኪና ስንፈልግ፣ ያለችን አንዲት መኪና በሌሎች ተዘግታ ቆማለች፤ የዘጓት መኪኖች ባለቤቶች ደግሞ ውዱእ ላይ ናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ እናታችን የልጅ ልጃቸውን ስም ጠሩ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። የተረፉት ግን በእኛ ዝግጅት አልነበረም።

ከዒድ በኋላ ሹራችን ፕሮግራሙን ሲገመግም አንድ ወንድም «አላህ አትርፎናል፣ ምን አከበደው?» አለ። ሌላው «ያቺ እንግዳ ባትመጣ ኖሮስ?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው። ያሰናዳነው የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለሆንን ስለ በሽታ ሐኪም መስለን አናወራም። አንድ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ግን ማን እንደሚሠራው፣ በምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሸከም መጠየቅ የተማርነው ነገር ነው። ጥያቄውን ወደ ሕክምና ድንኳን አዙረን በጤናው ዘርፍ የሚማሩና የሚሠሩ ወንድሞቻችንን እህቶቻችንን ጠየቅን። ያገኘነው መልስ በሦስት ቃል ይጠቃለላል፦ ማን? በምን? ወዴት?

ከሩቅ ሳንሄድ፣ ከጎንደር እንማር

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ለታዳሚዎች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ተጎዱ። በዓሉ የክርስቲያን ወገኖቻችን ቢሆንም ሐዘኑ የከተማው ሁሉ ነበር።

ለአዘጋጅ የሚሆኑ ሁለት ትምህርቶች ከዚህ ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ አደጋ በጤና ስም አይመጣም። የመጣው በእንጨትና በሰው ክብደት ነው። ስለዚህ የሕክምና ቡድን ሲመረጥ «የታመመ ሰው ቢኖር» ብቻ ሳይሆን «አንድ ነገር ተደርምሶ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢጎዳ» ተብሎም መታሰብ አለበት። ሁለተኛው፣ የዚያን ቀን ተጎጂዎች በዚያው ከተማ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ ሆስፒታል ነበረላቸው። ያው አደጋ ሳንጃ ላይ ቢደርስ ግን መልሱ ሌላ ይሆናል።

በውጭው ዓለምም ሕጎች የወጡት ብዙውን ጊዜ ከሐዘን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰ መጨናነቅ በድምሩ 97 ሰዎች ሞተዋል። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ቴይለር ካቀረቧቸው ምክሮች መካከል ለእያንዳንዱ 1,000 ተመልካች ቢያንስ አንድ የሠለጠነ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ እንዲኖር፣ ተመልካቹ ከ2,000 ሲበልጥ ደግሞ ሐኪም እንዲገኝ የሚሉት ይገኙበታል። ቁጥሩ የተሰላው ለስታዲየም ነው፤ ደጁ ላይ አምቡላንስ ለሚቆምበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ጾመኛ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ርቀት አለ። ስለዚህ ይህን ቁጥር «ከዚህ በታች አንወርድም» ብለን እንጂ «ይበቃናል» ብለን አንይዘውም።

ሳንጃን ማወቅ

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በጎንደር ደጋ የለመድነው ብርድ እዚያ የለም፤ ቆላ ነው። ረመዷን በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በመጋቢት መግባቱ ደግሞ ጾሙን ከበጋው ሙቀት ጋር አገናኝቶታል። የሕክምና ቡድን ስንመርጥ «ቆላን ያውቃል ወይ?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ሙቀት ሲባል ቀላል አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ወቅት በመካ የሙቀት መጠኑ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ የሳዑዲ ባለሥልጣናት 1,301 ሰዎች መሞታቸውንና ከእነዚህም 83 በመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ መሆናቸውን ገልጸዋል። አብዛኞቹ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ፣ መጠለያ ያላገኙ ነበሩ። ሳንጃ መካ አይደለችም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ ሆስፒታሉም ድንኳኑም መኪናውም እያለ፣ አገልግሎቱ ያልደረሰው ሰው ይሞታል። የሕክምና ጠረጴዛ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ አጥር ሥር የተቀመጠች እናት ዘንድ መድረሱ ሌላ ነገር ነው።

በሙቀት የተመታ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ መቀባጠር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ደቂቃ የሚባክንበት አይደለም። ወደ ጥላ ይወሰዳል፣ ልብሱ ይላላል፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት ይራገብለታል። ባለሙያዎቹ እንደነገሩን ደንቡ «መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ» ነው። ውሃና ማራገቢያ ሳያዘጋጅ «መኪና አለን» የሚል ቡድን ግማሹን አልያዘም።

አካባቢው የወባም አገር ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበትን ልጅ «ጾም ነው» ብሎ የሚያልፍ ሳይሆን የደም ምርመራ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገናል። የሳንጃ ወንዝም አለ። በከተማዋ ተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ የተሠሩ ጥናቶች ቢልሃርዝያ በአካባቢው በስፋት እንዳለ አሳይተዋል። የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው ሰው ውሃው ውስጥ ሲቆም ነው። ብዙ መቶ ሰው ጠርተን የውዱእ ውሃ ሳናዘጋጅ ከቀረን ሰዉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ በሮቶና በጀሪካን የቀረበ የውዱእ ውሃ የሕክምና ዕቅዱ አካል ነው።

ይህ ሐሳብ ለጎንደር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ ማለትም የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ያሠለጠነው ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድ ቡድን አድርጎ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ትንከባከባለች፣ አንዱ ውሃውንና ሽንት ቤቱን ያያል። የሕዝብ ፕሮግራም የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ጋወን የለበሱ ሦስት ሰዎች ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚያውቁ ከሆነ ቡድን አልሆኑም።

ማን?

ጋወን ገበያ ላይ ይገኛል፤ የጆሮ ማዳመጫውም ይገኛል። ገበያ ላይ የማይገኘው የሙያ ፈቃድ ነው። በአገራችን ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሰው ለማከም ተመርቆ መውጣቱ ብቻ አይበቃውም፤ ሥልጣን ያለው የጤና መሥሪያ ቤት የሰጠው፣ ጊዜው ያላለፈ የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ ላይ ስሙ፣ ሙያውና የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል። ይህን ማየት መጠራጠር አይደለም። እውነተኛ ባለሙያ ሲጠየቅ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም።

እዚህ ላይ ለጤና ተማሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በፍቅር የምንለው አለን። ሲ-ዋን የገባ ተማሪ ብዙ ሊያውቅ ይችላል። ኢንተርን የሆነውም ድንገተኛ ክፍል ቆሞ የሚያድር ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚሠሩት ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪም በላያቸው ስላለ ነው። ሳንጃ ድንኳን ውስጥ ያ ሐኪም ከሌለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠኑት ነገር ሁሉ ፈቃድ አይሆናቸውም። «እኔ አለሁ፣ ሌላ ሰው አያስፈልግም» ከማለት «እኔ እረዳለሁ፣ ኃላፊ ግን ፈልጉ» ማለት ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ሦስቱን ወንድሞቻችንን ያስጨነቅናቸው እኛ ነን። ያላሉትን አልናቸው፤ ያልተሰጣቸውን ማዕረግ ወረቀት ላይ ጻፍንላቸው።

ታዲያ ማንን እንጥራ? ለአንድ መካከለኛ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ጤና መኮንን በኃላፊነት፣ ከእሱ ጋር ድንገተኛ ክፍል የሠሩ ነርሶች፣ ከተገኘ ደግሞ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን ያስፈልጋል። ድንገተኛ ክፍል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዓመታት ቢሮ የቆየ ባለሙያና ትናንት ማታ ሰው ያተረፈ ባለሙያ እጃቸው እኩል አይፈጥንም። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አይረሱ። በየቤቱ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሴት ባለሙያ መኖሯ ግዴታችን ነው። በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም ሴትን ማከም በሸሪዓችን የተፈቀደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ምሽት ወንድሞቻችን ወደ ሴቶች በኩል ለመግባት ሲያመነቱ ደቂቃዎች አልፈዋል። ያ ማመንታት የመጣው ከአደብ ነው፤ ስሕተቱ ግን የእኛ የአዘጋጆቹ ነው። አንዲት ነርስ ከሴቶቹ ጋር አስቀድማ ብትቀመጥ፣ መጋረጃ ያለው ትንሽ ስፍራ ቢዘጋጅ፣ የሚያመነታ ሰው አይኖርም ነበር።

በተቻለ መጠን ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ይጠየቅ። ለሆስፒታሉ፣ ለጤና ጣቢያው ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲገባ ባለሙያው የሚመጣው በተቋሙ እውቅና ነው፤ መድኃኒትና መሣሪያም ይዞ ይመጣል፤ ቢታመም ተተኪ ይላካል። በወዳጅነት የጠራነው ሰው ግን ማለዳ ስልኩን ካላነሳ ፕሮግራሙ ያለ ሕክምና ቀረ ማለት ነው።

በምን?

ያለ መሣሪያ የመጣ ሐኪም ብዕር እንደሌለው ጸሐፊ ነው። ባለፈው ዓመት የጎደለን ከሁሉ ትንሿ ነገር ነበረች፤ በጣት ጠብታ ደም ስኳርን የምትለካ መሣሪያ። ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል፤ ካልታከመ ራሱን ይስታል። ከውጭ ለሚያየው ግን የጾም ድካም ይመስላል። ልዩነቱን የሚነግረን መለኪያው ነው። መዋጥ ከቻለ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል፤ አዛን አይጠበቅም፤ ዲናችን ለታማሚ ፈቃድ የሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ነው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ያንቀዋል። በደም ሥር ግሉኮስ የሚሰጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያቺን ትንሽ መሣሪያ የረሳ ቡድን ለኢፍጣር ፕሮግራም አልተዘጋጀም።

ከእሷ ጋር የደም ግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደርና ጭምብሉ፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው አምቡ ባግ፣ የደም ሥር ፈሳሽና ግሉኮስ፣ ኦአርኤስ፣ ለደም መፍሰስ ፋሻና ጎዝ፣ ለስብራት ማሰሪያ፣ ለቃጠሎ ንጹሕ ውሃና መሸፈኛ፣ ቃሬዛም ያስፈልጋሉ። ሾርባ በትልቅ ድስት በሚፈላበት፣ ዘይት ለሳምቡሳ በሚግልበት ቦታ ቃጠሎ ሁልጊዜ ደጅ ላይ ነው። ዝርዝሩን በስልክ አንቀበል፤ ከፕሮግራሙ በፊት በዓይናችን እንይ። ሲሊንደሩ ባዶ አለመሆኑን፣ የመለኪያው ባትሪ መሥራቱን፣ የመድኃኒቶቹ ጊዜ አለማለፉን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ወዴት?

ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ኦክስጅን አጥቶ መጎዳት የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከሳንጃ እስከ ጎንደር ያለውን 65 ኪሎ ሜትር ከዚህ ቁጥር ጋር ስታነጻጽሩት ሒሳቡ አይታረቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በድንኳኑ ውስጥ ባሉት እጆች፣ ቀጣዮቹ በሳንጃ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ የሚያልፈው ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሸፈን አለባቸው። በአገራችን የጤና አወቃቀር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚያገለግለው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ነው። በአንድ ምሽት 20 ተጎጂ ይዘንበት ብንሄድ የሚጨናነቅ መሆኑን አውቀን አስቀድመን ልንነግረው ይገባል። ሆስፒታሉ ፕሮግራሙ መቼ እንደሆነ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚደውል ይወቅ። መንገዱ ክፍት መሆኑም በዕለቱ ይጣራ።

ስለ አምቡላንስ ስንነጋገር አንድ ከባድ ጉዳይ ገጠመን። መጀመሪያ «የወረዳውን አምቡላንስ ጠይቀን ድንኳኑ ደጃፍ እናቁመው» ብለን ነበር። አንድ የጤና ባለሙያ ወንድማችን ግን ጠየቀን፦ «የወረዳ አምቡላንስ ከሁሉ በላይ የሚያመላልሰው ማንን ይመስላችኋል?» ወላድ እናቶችን ነው። እኛ ሳምቡሳ ስንበላ መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ፣ በሩቅ ቀበሌ ምጥ የጠናባት አንዲት እናት ብትጠብቀውስ? ለራሳችን ጥበቃ ብለን የሌላውን ሰው ዕድል መውሰድ ኸድማ አይሆንም። ስለዚህ የወረዳው አምቡላንስ ሥራው ላይ ይሁን፤ እንድንደውልለት ግን ቁጥሩን እንያዝ። ለእኛ ቃሬዛ የሚያስገባ ሚኒባስ ወይም ሌላ ሰፊ መኪና እንከራይ፤ ሾፌሩ ከመኪናው አይራቅ፤ መውጫው አይዘጋ። ከበሽተኛው ጋር የሚሄድ ባለሙያም አስቀድሞ ይመደብ።

መኪና ብቻውን አምቡላንስ አይሆንምና። በአዲስ አበባ ጠቢታ አምቡላንስን የመሠረቱት የሰመመን ሕክምና ባለሙያው ክብረት አበበ ሥራውን ለመጀመር ቤታቸውን እስከመሸጥ የደረሱት ድንገተኛ ታካሚ በታክሲና በቤት መኪና ሳይሆን ባለሙያ አብሮት እንዲጓጓዝ ብለው ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም አምቡላንስ ባለው ከተማ በ907 ይጠራል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። የጀመዓችን አስተናባሪዎች ይህን ሥልጠና ቢወስዱ፣ ከተማሪው የሚጠበቀውን ያሟላሉ፦ ሰውን ገለል ማድረግ፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ደም የሚፈስበትን ቦታ ተጭኖ መያዝ፣ ባለሙያ እስኪደርስ ደረት መጫን።

አማናው የማን ነው?

በሱነን አቡ ዳውድና በሌሎችም የሐዲስ ስብስቦች የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። መልእክቱ፣ በሕክምና ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው የሚል ነው። ዑለሞች በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ ኢብኑል ቀይምም በዛዱል መዓድ ዘርዝረውታል። ያልታወቀን ሰው «ሐኪም» ብሎ ጠረጴዛ ኋላ ያስቀመጠው አዘጋጅስ? የፊቅሁን ፍርድ ለዑለሞች እንተወዋለን። ሕሊናችን ግን ነጻ አላደረገንም።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በኸንደቅ ዘመቻ ለቆሰሉ ሰዎች ድንኳን ተተክሎ እንደነበር፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም (ረ.ዐ.) እዚያ እንደተኙ በሲራ ተምረናል። ቁስለኞቹን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) በሙያዋ የታወቀች ሴት ነበረች። ድንኳኑ ለታይታ አልተተከለም፤ ሥራውን ለምታውቅ ሰው ተሰጠ። የግመሏንም ነገር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማሰር ከተወኩል አይቃረንም።

አንድ ነገር እንመስክር፤ ባለፈው ዓመት ለባነሩና ለድምፅ ማጉያው ያወጣነው ገንዘብ ለሕክምናው ካወጣነው ይበልጥ ነበር። ዘንድሮ ወደ ሳንጃ ስንመለስ በጀቱ የሚጀምረው ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ጥላና ሕክምና፤ ከተረፈ ባነር። ለሚመጡት ባለሙያዎችም ትራንስፖርታቸውና አበላቸው ይታሰብ። ሙያን በነጻ የመጠየቅ ልማዳችን ነው ሙያ የሌለውን ሰው ወደ ጠረጴዛው የሚያመጣው።

ከመስማማታችን በፊት የምንጠይቃቸው

የትኛውም ጀመዓ፣ ለየትኛውም ፕሮግራም፣ ከማንኛውም የሕክምና ቡድን ጋር ከመስማማቱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልስ፦

1. የሚመጡት ባለሙያዎች ስም፣ ሙያና የፈቃድ ቁጥር ደርሶናል? የፈቃዱ ጊዜ አላለፈም?

2. ከመካከላቸው ኃላፊው ማን ነው? ባይመጣ ማን ይተካዋል?

3. ሴት ባለሙያ አለች? ከሴቶች ጋር የምትቀመጥበትና የምታክምበት ስፍራ ተዘጋጅቷል?

4. መሣሪያውንና መድኃኒቱን በዓይናችን አይተናል? የስኳር መለኪያ አለ?

5. ቡድኑ የቦታውን አየር፣ ውሃና በሽታ ያውቃል? ፕሮግራሙ የሚደረግበትን ሜዳ አስቀድሞ መጥቶ አይቷል?

6. መኪናው የት ይቆማል? መውጫውን የሚጠብቀው ማን ነው? ሾፌሩ ስልኩን ያነሳል?

7. ሆስፒታሉ በደብዳቤ ያውቃል? የሚደወልለት ሰው ስም በእጃችን አለ?

8. መድረኩን፣ ድንኳኑንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ሙያው ያለው ሰው አይቶታል? (ይህኛው የእኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ዕዳ ነው።)

9. ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባቸው እንግዶች መግቢያው ላይ እንዲናገሩ ማስታወቂያ ይነገራል?

10. ከፕሮግራሙ በኋላ ማን ታከመ፣ ምን ተደረገለት የሚለው ተመዝግቦ ይቀመጣል?

ከአሥሩ አንዱ «አይ» ከተባለ እስኪሟላ ፕሮግራሙ ይቆይ። ፕሮግራም ሲዘገይ ሰው ያጉረመርም ይሆናል፤ ሰው ሲሞት ግን የሚያጉረመርም የለም፣ የሚያለቅስ እንጂ።

እኚያ እናት ዘንድሮም ይመጣሉ ተብሏል። የልጅ ልጃቸው «እምዬን ላምጣት ወይ?» ብላ ስትጠይቀን ወዲያው አልመለስንላትም። የምንመልስላት ከላይ ያሉትን አሥር ጥያቄዎች መልሰን ስንጨርስ ነው፤ ኢንሻአላህ መልሳችን «አዎ» ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ኢኽላስ የሞላበትና ጥንቃቄ የተሞላበት ያድርግልን፤ ታማሚዎቻችንን ይማርልን፤ የተሰጠንን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።